ዙሩ ያው፣ ጉተታው ሌላ

ዙር መለኪያዋ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ የመጫወቻ አውሮፕላናችንን ሞተር በደቂቃ 7,900 ዙር አለች። እኩለ ቀን ላይ ደሴ ወጥተን ያችኑ ሞተር፣ በዛችው ፕሮፔለር፣ ከዛችው ሃይላንድ በተቀዳ ቤንዚን አስነስተን ስንለካት አሁንም 7,900 ምናምን። ጓደኛዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «አየህ አይደል? የኔ ሞተር ዳገት አያውቅም» አለኝ፣ ደስ ብሎት። እኔ ግን የማየው የአውሮፕላኗ ጭራ ላይ በሲባጎ የታሰረችውን የሻንጣ ሚዛን ነበር። ጠዋት 4.4 ኪሎ ስትስብ የነበረች ልጅ አሁን 4 ኪሎ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ሚዛኗን ዜሮ አድርጌ እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም 4። ሚዛኗ ቻይና ስለሆነች ነው አለኝ፣ ዙር መለኪያህም ቻይና ናት'ኮ አልኩት፣ ተሳስቀን ሻይ ልንጠጣ ሄድን።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ሞተሩ እኩል እየዞረ፣ ፕሮፔለሩ ያው ሆኖ፣ 400 ግራም የት ገባ? ለኛ 400 ግራም ቀላል አይደለችም። አውሮፕላኗ ነዳጇን ሳይጨምር 3.4 ኪሎ ናት፣ የአክሮባት አውሮፕላን ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጋ በፕሮፔለሯ ብቻ ተንጠልጥላ መቆም አለባት፣ ሆቨር የሚሉት ማለት ነው፣ ለዛ ደግሞ ጉተታው ከክብደቷ በደንብ መብለጥ አለበት። እኩል ለእኩል ከሆነ ትንጠለጠል ይሆናል ግን ትንሽ ከተዛነፈች የሚያወጣት ጉልበት የለም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ቢያንስ 1.5 እጥፍ ይላሉ፣ ምቾት የሚወድ 2 እጥፍ። የኛን 4 ኪሎ ለ3.4 ብታካፍለው 1.18 ነው። ታንከሩ ሲሞላማ ተዉት።

ሁለት ሁሉ አማረሽ

«ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባላል፣ እኔና እሱ ደግሞ ሁለት ሁሉ አማረሽ ነን፣ ገበያው ስልካችን ውስጥ ስለሆነ የሚከለክለን የለም። እሱ ኮምቦልቻ ውስጥ የባጃጅ መካኒክ ነው፣ እኔ ደሴ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ማን የቱን ሞተር እንደሚወድ መናገር አያስፈልገኝም። ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 1.75 ሜትር የሆነችውን የባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት ነው) አውሮፕላን አብረን ነው የሠራናት። አፍንጫዋ ላይ ምን ይግባ የሚለው ግን እስካሁን ያላለቀ ክርክር ነው፣ እኔ ሰርግ ላይ ሁሉ ሲነሳ ሰምቼዋለሁ።

ግሎው የሚባለውን መጀመሪያውኑ ጣልነው። ያ ሞተር የሚጠጣው ሜታኖል፣ ዘይትና ናይትሮሜቴን የተደባለቀ ነው፣ አገር ውስጥ አታገኘውም፣ በአውሮፕላን ይዤ ልምጣ ብትል ተቀጣጣይ ስለሆነ ማንም አይጭንልህም። ሞተሩ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፣ ነዳጅ የሌለው ቆንጆ ግን ለመደርደሪያ ነው።

የቀረው ቤንዚንና ባትሪ ነው። እሱ የሚወደው 20 ሲሲ ባለ ሁለት ስትሮክ ቤንዚን ሞተር ነው፣ ካርብሬተሩ የእንጨት መቁረጫ መጋዝ ላይ ያለው አይነት፣ ሃይ እና ሎ የሚሉ ሁለት ቪቴዎች ያሉት። ሲያስተካክለው ማየት በራሱ ደስ ይላል። ጋዙን ሙሉ ከፍቶ በቀጭን ካቻቢቴ የሃዩን ቪቴ በጣም በትንሹ ይዘጋል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማው፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ከዛ በላይ አልወጣ ሲል መልሶ ትንሽ ይከፍተዋል። ለምን ትመልሰዋለህ ብትለው «ዘይቱን እኮ የሚያገኘው ከቤንዚኑ ነው፣ ካደረቅከው ፒስተኑን ይበላል» ይልሃል። ለ1 ሊትር ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ነው የምንደባልቀው። ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን አይቶ ደግሞ ሌላ ፍርድ ይሰጣል። እኔ ይሄን ጆሮ የለኝም፣ ይሄን ደግሞ እሱ በደንብ ያውቃል።

የኔ ደግሞ ብራሽለስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኢኤስሲና ሊፖ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ። ባለ 6 ሴል 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነበር መጀመሪያ የፈለግኩት። ችግሩ እሱ 111 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ አየር መንገዶች ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ የሚያሳልፉት እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ዱባይ ያለው ዘመዴ ለኔ መጫወቻ ብሎ ኤርፖርት ላይ እንዲከራከር አልፈልግም። ስለዚህ ባለ 3 ሴል 5,000 ሁለት አስመጣሁና በተከታታይ አገናኘኋቸው፣ እያንዳንዳቸው 55.5 ዋት ሰዓት ናቸው፣ ጫፋቸው በቴፕ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ መጡ፣ ቮልቴጁ ያው 22.2። ይሄን የሚነግርህ የዩቲዩብ ቪዲዮ የለም፣ ምክንያቱም እዛ ያለው ሰውዬ ባትሪውን በር ላይ ነው የሚቀበለው።

የዩቲዩብ ምክር ከተነሳ አይቀር አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ሰዎች «ይቺ ሞተር በ16 በ8 ፕሮፔለር ይሄን ያህል ኪሎ ትስባለች» ሲሉ (16 ኢንች ዲያሜትሩ ነው፣ 8 ኢንች ደግሞ በአንድ ዙር ወደፊት የሚቆርጠው) ውሸታቸውን አይደለም፣ የቆሙት ግን ፍሎሪዳ ባህር ዳር ነው። እኛ ደግሞ የቆምነው ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ስር ነው። የነሱን ቁጥር ይዘህ እዚህ ስታወዳድር ላም አለኝ በሰማይ ነው የሚሆነው።

ሚዛኗ ልክ ነበረች

የዛን ቀን ማታ መብራት ስለጠፋ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም፣ በስልክ ባትሪ ብርሃን ወረቀት ላይ እየሞነጨርኩ ቁጭ አልኩ። ሞተሩ ደሴ ላይ ደክሟል ብዬ ነበር የጀመርኩት፣ ምክንያቱም አየሩ ሳሳ ማለት በእያንዳንዱ ዙር የሚተነፍሰው ኦክስጅን አነሰ ማለት ነው፣ ኦክስጅን ካነሰ የሚያቃጥለው ነዳጅም ያንሳል። እሺ፣ ከደከመ ግን ዙሩ መውረድ ነበረበት። አልወረደም። ታዲያ አልደከመም? ካልደከመ ጉተታው ለምን አነሰ? እዚህ ጋ ነው ብዙ የቆየሁት፣ አንዱን ስይዝ አንዱ እያመለጠኝ።

ከዛ ትዝ ያለኝ ፕሮፔለሩም የሚገፋው ያንኑ አየር መሆኑ ነው። ሞተሩ በሳሳ አየር ሲደክም፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ በዛው በሳሳ አየር ለመዞር ይቀለዋል። ሁለቱ በእኩል መጠን ነው የሚቀንሱት። አቅሙ የቀነሰ ኩሊ ሸክሙም በዛው ልክ ከቀነሰለት እርምጃው ያው ነው፣ መጋዘን ያደረሰው ዕቃ ግን አንሷል። ዙር መለኪያ የምታየው እርምጃውን ብቻ ነው። ዕቃውን የምታየው ሚዛኗ ናት።

ይሄን ሳየው በጣም ነው የገረመኝ፣ ምክንያቱም የቤንዚን ሰዎች ሁሉ ሞተራቸው ደህና መሆኑን የሚያረጋግጡት በዙር ነው፣ እኛም እንደዛው፣ ስንት ጊዜ «ዙሩ ደህና ነው» እያልን ያልደህናዋን አንስተናል። ባህር ጠለል ላይ ያችው ሞተር በዛው 7,900 ዙር 5.6 ኪሎ ገደማ ትስብ ነበር። 1.65 እጥፍ ማለት ነው፣ ዩቲዩብ ላይ የምናያት ያቺ እንደልቧ የምትንጠለጠለዋ። እኛ ጋ ስትመጣ አንድ ነገር ሳይበላሽባት፣ ሳትጮህ፣ ቁጥሯንም ሳትቀንስ 4 ኪሎ ሆነች።

በማግስቱ የኔን ሞተር ገጠምኩ፣ ያንኑ 16 በ8 ፕሮፔለር። ዙሩ 8,000 አለፍ አለ፣ ሚዛኗ 4.2። ይሄም ብዙ አያኮራም። የሚያኮራው ዋት ሜትሯ ላይ ነበር፣ 54 አምፔር ብቻ። ሞተሩ 70 ይችላል፣ ኢኤስሲው 100 ነው። ባትሪ አይተነፍስም፣ ስለዚህ የደሴ አየር ከሱ ጉልበት ምንም አልወሰደበትም፣ የወሰደው ሸክሙን ነው፣ ጉልበቱ ቁጭ ብሎ ሥራ እየጠበቀ ነው። ሥራ ስጠው። 17 በ8 አጠለቅኩለት። አንድ ኢንች ብቻ ነው የጨመርኩት ግን ፕሮፔለር ላይ አንድ ኢንች ትልቅ ነገር ነው፣ የሚፈልገው ጉልበት ከዲያሜትሩ በጣም ፈጥኖ ነው የሚያድገው። አምፔሩ ወደ 70 ወጣ፣ ዙሩ ወደ 7,900 ተመለሰ፣ ሚዛኗ 4.8 ላይ ቆመች።

4.8 ለ3.4። 1.4 እጥፍ። ደሴ ላይ፣ በእኩለ ቀን። ፎቶ አንስቼ ላኩለት።

ወዲያው ደወለ። «አቦ፣ ለኔም 17 ግጠምልኝ እንጂ! ፍርድ ነው ይሄ?» እውነቱን ነው፣ ፍርድ መሆን አለበት። ቅዳሜ መጣና ቤንዚኑ ላይ 17ቱን ገጠምንለት። ዙሩ ወደ 6,900 ወረደ፣ ሚዛኗም ከ4 ኪሎ ትንሽ ዝቅ አለች። የሱ ሞተር ትርፍ ጉልበት የለውማ፣ ሸክም ስትጨምርበት እርምጃውን ነው የሚቀንሰው። ቪቴውን ነካካው፣ ካንዴላውን አየው፣ ከዛ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና «እሺ፣ ላንተ አየር ያንተ ሞተር ይሁን» አለ። ላንተ አየር ያላት ነገር አናደደችኝ፣ ኮምቦልቻ ሌላ አየር ያላት ይመስል።

የኮምቦልቻ ቀትር

እሱንም ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ እልህ ነው። ኮምቦልቻ ኤርፖርቱ ላይ 1,864 ሜትር ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ባህር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ደሴ እኩለ ቀን ላይ፣ 22 ዲግሪ ብንል፣ 0.88 አካባቢ ነው፣ ማለትም 72 በመቶ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ወፍራም አየር አላት ብለህ ትጠብቃለህ፣ ጠዋት ጠዋት አላትም። ግን ኮምቦልቻ ትሞቃለች። ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ስትገባ አየሯ ወደ 0.93 ይሳሳል፣ ይሄ ደግሞ ደሴ በ8 ዲግሪ ብርድ ማለዳ ላይ ካላት ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዳገቱን ሁሉ ወርደህ ላብህ እየተንጠፈጠፈ የምታገኘው አየር፣ ደሴ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ትተኸው የመጣኸው ነው።

ይሄን ስነግረው ዝም አለ፣ ከዛ «ታዲያ ለምን ማለዳ አናስነሳም?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው ግን ማለዳ የኔ ጠላት ነው። ሊፖ ብርድ አይወድም፣ 10 ዲግሪና ከዛ በታች ሲሆን ቮልቴጁ ገና ጋዝ ስትሰጠው ይወድቃል፣ ያቺ በአየር ያተረፍካትን በባትሪ ትከስራለህ። እኔ ባትሪዎቹን በፎጣ ጠቅልዬ ጋቢ ውስጥ ነው ይዤያቸው የምሄደው፣ ደረቴ ላይ፣ ሰው ሲያየኝ ጫጩት የያዝኩ ነው የሚመስለው። ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስንበት ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ባትሪው የማይበርደው፣ አየሩ ገና ያልሳሳው፣ ንፋሱም ያልተነሳው።

አየር መሳሳቱ ሞተር ላይ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ክንፍም የሚሸከመው በዛው አየር ነው። ያው ክብደት ተሸክሞ ላለመውደቅ ደሴ እኩለ ቀን ላይ ከባህር ጠለሉ 18 በመቶ ገደማ ፈጥነህ መሄድ አለብህ፣ ማረፊያ ላይም እንደዛው። ሜዳው አጠረብኝ፣ ፈጥና መጣችብኝ፣ እጄ ነው እንዴ የተበላሸው እያልክ ስትጨነቅ አየሩ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ሞተር አይደለም፣ ክብደት መቀነስ ነው። የጎማ መሸፈኛዎቹን አወጣናቸው፣ ጓደኛዬ ያጠናከረውን የሞተር ሳጥን ውስጥ ያለውን ኮምፖርሳቶ ግማሹን ቀዳደን ጣልነው (በጣም ከፋው)፣ ለማስዋብ የለጠፍነውን ስቲከር እንኳን ላጥነው። ስቲከሩ ስንት ግራም ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ ነገሩ የመንፈስ ነው።

ድምፅ

እዚህ ላይ ስለ ሞተር ምርጫ የሚጽፍ የውጭ ሰው የማያነሳውን ነገር ላንሳ።

ኮምቦልቻ ላይ መሬት ላይ እናስነሳለን እንጂ አናበርም፣ ኤርፖርት አለ፣ አለቀ። የምናበረው ከደሴ ወጣ ብሎ በቦሩ ሜዳ በኩል ባለ የግጦሽ ሜዳ ነው፣ ያውም ለሚመለከተው አስታውቀን፣ ፈቃድ ይዘን፣ ወሬው ሰላም በሆነ ጊዜ። ወሬው ከከፋ ክንፎቹ ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ወራትም ይሁን። ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም። በ1928 ዓ.ም. ኅዳር 26 ጣልያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ጃንሆይ ራሳቸው ከተማው ውስጥ ነበሩ፣ መትረየስ ላይ ሆነው የተነሱት ፎቶ አለ። በ2014ቱ ጦርነት ደግሞ እኛው ራሳችን ነበርን።

አንድ ጊዜ ቤንዚኗን እያሞቅን ሳለ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው እየተደገፉ ወደኛ መጡ። ሞተሩን አጠፋን። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆች፣ እንደ ወሎ ወግ ሁሉም በተራው ተጠየቀ። ከዛ አውሮፕላኗን ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋትና፦

«ልጄ፣ እቺ ነገር ታያለች?»

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ታያለች ወይ? ከላይ ሆና።»

«ኧረ አታይም አባባ፣ ካሜራ የላትም። መጫወቻ ናት።»

«የማታይ ከሆነማ ምን ልታደርግ ትወጣለች?»

ጓደኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ እሳቸውም ሳቁ። ሆዷን ገልብጠን አሳየናቸው፣ ታንከሩን፣ መሪዎቹን የሚያነቃንቁትን ትንንሽ ሞተሮች፣ መሪው ሲነካ ጭራዋ ስትወዛወዝ። ወደውታል። ሊሄዱ ሲሉ ግን፣ ከዛ ማዶ ያሉት ቤቶች ድምጿን እንጂ እሷን እንደማያዩዋት ነገሩን። ተራራው ድምፁን እየመለሰ ስለሚያመጣው ከየት እንደሆነ አይለይም፣ ሴቶቹ ልጆቹን አስገብተው በር ዘግተዋል አሉን። በቁጣ አይደለም የነገሩን፣ እንደ ወሬ ነው።

ከዛ ወዲህ ማዶ ያሉትን ቤቶች ሳናስታውቅ አናስነሳም፣ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ይናገራል። ለኔ ደግሞ የሞተር ምርጫው ጉዳይ እዛ ጋ ሌላ መልክ ያዘ። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ማርሚታ ቢኖረውም ጉብታ ተሻግሮ ይሰማል፣ ጋዝ ሳትሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር ሁሉ ይንደቀደቃል። የኤሌክትሪኳ ድምፅ በብዛት የፕሮፔለሩ ነው፣ ሙሉ ጋዝ ላይ እሷም ትጮሃለች፣ አልክድም፣ ግን ጋዙን ስትመልስላት ዝም ትላለች፣ አክሮባት ደግሞ ግማሹ ጋዝ መመለስ ነው፣ ሉፕ (በቁም ክብ መዞር) ስትወርድ፣ ስፒን (እየተሽከረከሩ መውረድ) ስትገባ፣ ስታርፍ። 400 ግራሟን ባላገኛትም ኖሮ ይሄ ብቻውን ይበቃኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ጓደኛዬ በዚህ አልተከራከረኝም።

ማስተካከል፣ ማስተካከል፣ ማስተካከል

ሞተር ተመረጠ ማለት አውሮፕላኗ አለቀች ማለት አይደለም። ቤንዚኑን አውጥተህ ኤሌክትሪክ ስታስገባ አፍንጫዋ ላይ የነበረው ክብደት ይቀየራል፣ የስበት ማዕከሏ ይሸሻል። ባትሪ ጥሩነቱ ወደፊትም ወደኋላም ገፋ ታደርገዋለህ፣ ለክብደት ብለህ የእርሳስ ብረት መለጠፍ የለም። እኛ የጀመርነው ከክንፉ ፊት ጠርዝ ወደኋላ የክንፉ ስፋት 30 በመቶ አካባቢ ላይ ነው። ከዛ አየር ላይ ነው የሚለየው፦ በ45 ዲግሪ ሽቅብ እየወጣች ሳለ በጀርባዋ ትገለብጣትና ኤለቬተሩን፣ አፍንጫዋን ወደላይና ወደታች የሚያዞረውን የጭራ መሪ፣ ትለቅላታለህ። ቶሎ ወደ መሬት ካጎነበሰች አፍንጫዋ ከብዷል፣ ባትሪውን ወደኋላ። መስመሯን ይዛ ከሄደች ወይ በጣም በቀስታ ካጎነበሰች ተዋት። ወደ ጎማዋ በኩል ሽቅብ ከታጠፈች ጭራዋ ከብዷል፣ ያኔ ቶሎ አሳርፋት። የኛ ትንሽ ታጎነብስ ነበር፣ ባትሪውን አንድ ጣት ወደኋላ ስቤ ቬልክሮውን አጠበቅኩት።

ትልቁ ፕሮፔለር ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ቀጥ ብላ ሽቅብ ስትወጣ ወደ ግራ መጎተት ጀመረች፣ ከ16ቱ ጋር እንደዛ አታደርግም ነበር። ሞተሩ በትንሹ ወደ ቀኝ እንዲያይ ማድረግ ነው፣ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይበቃል፣ ከኋላ ሆነህ ስታይ በግራ በኩል ባሉት ሁለት ብሎኖች ስር ሮንዴላ መጨመር። በአንድ ሮንዴላ ቀነሰ፣ በሁለተኛው ቀጥ አለ። ይሄን ስንሠራ መሽቶብን ስለነበር ጓደኛዬ ብሎኖቹን የሚያጣብቀውን ሎክታይት ነገ እንቀባዋለን አለ፣ እኔ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብዬ አስፈትቼ አስቀባሁት፣ እራት ቀዘቀዘብን።

ስለ መሪዎቹ ብዙ አልልም፣ ሁሉም እንደ እጁ ነው። ሪሞቱ ላይ ሁለት መጠን ነው ያስቀመጥኩት፣ ለተለመደው በረራ ኤለቬተር 12 ዲግሪ፣ ለሆቨርና ለመሰሉ 45፣ እሱ ላይ ኤክስፖ፣ መሪውን መሃል አካባቢ የሚያለዝበውን ማስተካከያ፣ በደንብ አድርጌበት፣ አለበለዚያ ጣትህን ስታነቃንቅ እሷ ትገለበጣለች። ኢኤስሲውን ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የሳሳ አየር ማቀዝቀዝም ላይ ይሰንፋል። 100 አምፔር የሚችል ገዝቼ 70 ላይ የምጠቀምበት ለዛ ነው፣ ከፊት የሚገባው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ ከሚገባበት ሰፋ ማለት አለበት፣ ካልወጣ አይገባማ። ጊዜው ሪሞቱ ላይ 7 ደቂቃ ነው የተሞላው፣ ሲጮህ ታርፋለህ፣ ባትሪው ውስጥ ሩብ ያህል ሲቀር። የቤንዚኗ ደግሞ በአንድ ታንከር ከዛ እጥፍ ገደማ ትቆያለች፣ ይሄን በየጊዜው ሳያስታውሰኝ ቀርቶ አያውቅም።

50 ሲሲ

አሁን ያለንበት ክርክር ደግሞ ይሄ ነው። ሁለታችንም ትልቅ እንሥራ ብለናል፣ ክንፏ 2.2 ሜትር የሚሆን፣ ክብደቷ 7.5 ኪሎ አካባቢ። ውጭ አገር እንደዚህ አይነቷ ላይ 50 ወይ 55 ሲሲ ቤንዚን ነው የሚገባው። እኔ በልምዴ ኤሌክትሪክ ልል ነበር፣ ሳሰላው ግን አልሆነልኝም። 12 ሴል ትፈልጋለች፣ በኛ መንገድ ቢመጣ ባለ 3 ሴሏ 5,000 አራት ፍሬ ማለት ነው፣ 222 ዋት ሰዓት ለአንድ በረራ። መብራት ሲጠፋ ሜዳ ላይ የምሞላው ከመኪና ባትሪ ነው። ባለ 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ በወረቀት 720 ዋት ሰዓት ነው፣ ሳትጎዳው የምትወስደው ግማሹን ብትል ነው፣ ቻርጀሩም የራሱን ድርሻ ይበላል፣ ስለዚህ አንድ በረራ አግኝተህ ሁለተኛው ግማሽ ላይ ይቀራል። ለዛ ብዬ ባትሪ ተሸክሜ ዳገት አልወጣም። እዚህ ላይ ቤንዚን ይሻላል፣ በጽሑፍ ነግሬዋለሁ፣ ስክሪንሾት አድርጎ ይዞታል።

ግን የትኛው ቤንዚን? 55 ሲሲ ባህር ጠለል ላይ 13 ኪሎ ትሳብ እንበል፣ በደሴ 72 በመቶ 9.4 ሆነች፣ ለ7.5 ኪሎ ያው 1.25 እጥፍ ውስጥ ተመለስን፣ ነዳጁ ሳይቆጠር። ወይ አውሮፕላኗን ወደ 6.5 ማቅለል ነው፣ ወይ 70 ሲሲ መግዛት፣ 70ው ደግሞ ራሱ ይከብዳል፣ ዋጋውም ሌላ ነው፣ ማዶ ያሉት ቤቶችም አሉ፣ ለሱ ትልቅ ማርሚታ ሊገባ ነው፣ እሱም ክብደት። ጓደኛዬ 55ቷን ሁለተኛ እጅ ርካሽ አይቷል፣ ዱባይ ያለው ዘመዴ ግን አንዴ ቤንዚን የቀመሰ ሞተር ሽታው ካለ ኤርፖርት ላይ እንደማያሳልፉት ነግሮናል፣ ስለዚህ አዲስ ከነካርቶኑ መሆን አለበት። አዲሷ ዋጋ ላይ ግማሽ ግማሽ እንክፈል ብያለሁ። እሱ ሦስት አራተኛውን አንተ ክፈል፣ በአየሩ ያሸነፍከኝ አንተ ነህ እያለ ነው።